የዳባት ገብስና የእኔ ምላስ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ቢራ መቅመስም ሥራ ነው እንዴ?» ይሉኛል። አዎ፣ ሥራ ነው። ጉልምስናዬን የበላ፣ አንድ ሰው ላይ ከባድ በደል ያሠራኝ፣ በደሉንም ተከትዬ እስከ መጨረሻው እንድሄድ ያደረገኝ ሥራ ነው።

ባለፈው መስከረም የእህቴ ልጅ ባል ከአሜሪካ ሲመጣ በሹራብ ጠቅልሎ ሁለት ጠርሙስ ቢራ አመጣልኝ። እሱ በሚኖርበት ከተማ ያለ ትንሽ ጠማቂ ቤት የሚሠራው ነው። እንደ ጀርመኖቹ አጠማመቅ፣ ለመጸው ወራት ብቻ የሚወጣ ቢራ መሆኑን ነገረኝ። ማታ ከራት ጋር እንክፈተው ቢለኝ እንቢ አልኩት፤ በርበሬ የነካ ምላስ ለዚህ አይሆንም። በማግሥቱ ረፋድ ላይ ብርጭቆ ያለ ሳሙና ደጋግሜ አጥቤ፣ ደፍቼ አድርቄ፣ አጋድሜ ቀዳሁት።

መልኩ ፀሐይ ላይ ሲያዩት የጠራ ቀይ ሻይ ይመስላል። አረፋው ቶሎ አልሞተም፤ ቆየት ብሎ ብርጭቆው ላይ ቀለበት እየተወ ወረደ። ሳሸተው መጀመሪያ የመጣው የትኩስ ዳቦ ቅርፊት ነው። ቀጥሎ ለስለስ ያለ የገብስ ቆሎ፣ ከሥሩ ደግሞ ስስ የሣር ሽታ፤ ያ ለቢራው ምሬት የሚሰጠው የፈረንጅ ጌሾ ነው። ተጎነጨሁት። ሲገባ ጣፈጥ ይላል፣ መሀል ላይ ይወፍራል፣ ሲወርድ ግን አፍን አድርቆት ይሄዳል። ጎሮሮ ላይ ትንሽ ምሬት ትቀራለች።

ልጁ ፊቴን ሲያይ ቆይቶ እንዴት እንደሆነ ጠየቀኝ። ሸጋ ነው አልኩት። ብቻ መጨረሻው ላይ ያልበሰለ ፖም የመሰለ ነገር አለበት፤ ሦስት አራት ሳምንት ቢታገሡት ይጠፋ ነበር፣ ቸኩለው አውጥተውታል አልኩት። ሳቀና እንዲህ ያለውን ቢራ የት እንደማውቀው ጠየቀኝ። እዚሁ ጎንደር፣ በደርግ ጊዜ፣ ራሳችን ጠምቀነው ነበር ብዬ ብነግረው አላመነኝም። ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት እሱ ስላላመነኝ ነው።

እናቴ አዘዞ ጠላ ትሸጥ ነበር። ጌሾ ስትገዛ ቅጠሉን በመዳፏ አሽታ አፍንጫዬ ሥር ትይዘውና የዘንድሮ ይሁን የአምና እንድለይላት ትጠይቀኛለች። ብሳሳት አትቆጣም፤ ደግማ ታሸትልኛለች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ ሳይመጣልኝ ሲቀር፣ ከቀይ ሽብሩ ማግሥት፣ ከፒያሳ ወረድ ብሎ ጣሊያን በሠራው ቤት ውስጥ በነበረ አንድ የገብስ መመርመሪያ ጣቢያ ዕቃ አጣቢ ሆኜ ገባሁ። ደመወዙ የሚወራለት አልነበረም።

የጣቢያው ሥራ ይህ ነበር። በዚያን ጊዜ ለቢራ የሚሆን ብቅል ከውጭ ይመጣ ነበር። የወገራና የዳባት ደጋ ደግሞ የገብስ አገር ነው። ገበሬው የሚያመርተው ገብስ ለቢራ የሚሆን መሆን አለመሆኑን ለማየት ከምሥራቅ ጀርመን አንዲት ትንሽ የጠመቃ መሣሪያ መጥታ ነበር። ገብሱ ይመጣል፣ እኛ ብቅል እናደርገዋለን፣ በትንሹ እንጠምቀዋለን፣ ከዚያ ይቀመሳል። ቀማሾቹ ቀምሰው ካመሰገኑት ለገበሬው ጥሩ ገበያ ይከፈትለታል፤ ካልሆነ ገብሱ ወደ ጎተራው ይመለሳል።

የቅምሻው አለቃ ጋሽ ወርቅነህ ነበር። በንጉሡ ዘመን ጀርመን አገር ጠመቃ ተምሮ የመጣ፣ አዲስ አበባ ዋና ጠማቂ የነበረ፣ በኋላ ምክንያቱ ሳይነገረው ወደ ጎንደር የተዛወረ ሰው ነው። ቀጭን፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ሁልጊዜ ሰማያዊ ካፖርት የሚለብስ። አንድ ቀን ቀማሾቹ ሲወጡ የተረፈውን ቢራ ልደፋ ገብቼ እያንዳንዱን ብርጭቆ ሳሸት አየኝ። ልማድ ሆኖብኝ እንጂ ምንም አስቤ አልነበረም። ምን እንዳገኘሁ ጠየቀኝ። ከአምስቱ አንዱ የቅቤ ሽታ እንዳለው ነገርኩት። ወረቀቱን አወጣና አሳየኝ፤ እሱም «ቅቤ» ብሎ ጽፏል። ሌሎቹ ወንዶች ምንም አልጻፉም።

በማግሥቱ ሦስት ሦስት ብርጭቆ እያሰለፈ ፈተነኝ። ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው፣ አንዱ ልዩ ነው፤ ልዩውን አውጪ ይለኛል። ከጠዋት እስከ ምሳ ሲፈትነኝ ዋለና አንዴ ብቻ ተሳሳትኩ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ማጠቡን ለሌላ ሰጥተው እኔን ከቀማሾቹ ጋር አስቀመጡኝ።

ጋሽ ወርቅነህ ወግ አጥባቂ ሰው ነበር። ሽታ ያለው ሳሙና የታጠበ ሰው ቅምሻ ቤት አያስገባም። ወንበሮቻችንን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራቸዋል፤ አንዱ ሲያኮማትር ሌላው እንዳያይ ነው። በሁለት ብርጭቆ መካከል ለብ ያለ ውሃና ደረቅ ዳቦ አለ። ብርጭቆውን በመዳፍ ከድኖ ሞቅ አድርጎ ማሽተት፣ ከዚያ መጎንጨት፣ ከዚያ መዋጥ። ወይን የሚቀምሱ ሰዎች ይተፉታል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ቢራ ግን ካልተዋጠ ምሬቱ አይታወቅም። ይህ ለእኔ ችግር ሆኖብኝ ነበር፤ በጾም ቀን ረፋድ ላይ እንዴት ልዋጥ? የንስሐ አባቴ ትፊው ቢሉኝ ሥራው እንቢ አለ። ጋሽ ወርቅነህ ነገሩን ሲሰማ በጾም ወራት ቅምሻውን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አደረገው።

ከሁሉ በላይ የሚጠብቀው ሕግ ግን ሁለት ነው። አንደኛው፣ ሳይጽፉ መናገር የለም። ሁለተኛው፣ የቀመሱትን ብቻ መጻፍ። ከየት መጣ፣ ማን አበላሸው የሚለው በዚያ ወረቀት ላይ ቦታ የለውም። ሌላም ልማድ ነበረው። ከገባው ገብስና ከተሠራው ብቅል ሁሉ ጥቂት ጥቂት እየወሰደ በቆርቆሮ አሽጎ፣ ቀኑን ጽፎ፣ ጠረጴዛው ሥር ይደረድራል። ሰዎች የጋሽ ወርቅነህ ጎተራ እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

ምኞቱ ጀርመን ሳለ የለመደውን የመስከረም ቢራ በእኛ ገብስ መሥራት ነበር። የጥንት ጀርመኖች ማቀዝቀዣ ሳይኖራቸው በመጋቢት ጠምቀው በቀዝቃዛ ዋሻ ያስቀምጡትና በጋው ሲያልፍ በመስከረም ያወጡታል ይለን ነበር። እኛም መብራት የሚጠፋብን ሰዎች ነን፤ ግን ደባርቅ ላይ ጥቅጥቅ ያለ የድንጋይ መጋዘን አለን፣ ክረምቱም ብርድ ነው። ስለዚህ ይሆናል ብሎ ቆርጦ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለዚህ ቢራ ሲያወራ ሰምቼዋለሁ፤ ቀለሙን፣ ወፍራምነቱን፣ ሲወርድ እንዴት አፍ እንደሚያደርቅ ሳልቀምሰው አወቅኩት።

የዚያን ዓመት ምርጡ ገብስ የመጣው ከዳባት ወዲያ ካለ ቀበሌ፣ ከአያ ይርዳው ማሳ ነው። አያ ይርዳው የሙከራው ገበሬዎች ተጠሪ ነበር። ረጅም፣ ነገር የማያበዛ ሰው። ዘሩን አሮጊት እናቱ ፍሬ በፍሬ ለቅማ እንደሰጠችው ነግሮናል። ብቅሉ በታኅሣሥ ተሠራ። ጋሽ ወርቅነህ አፉ ላይ ጣል አድርጎ ቆረጠመና ይኸው የመስከረም ቢራዬ አለ። በየካቲት ለሙከራ በትንሹ እንጠምቀዋለን፣ ካማረ በመጋቢት ዋናው ጠመቃ ይሆናል ተባለ።

የሙከራው ቢራ የሚቀመስበት ቀን ሲደርስ ጋሽ ወርቅነህ ለስብሰባ አዲስ አበባ ተጠርቶ ነበር። ወረቀቱን በኃላፊነት የምፈርመው እኔ ሆንኩ። ብርጭቆውን ገና ሳቀርበው አወቅኩት፤ የሻገተ እህል ነው። ሌሎቹም ሁለት ቀማሾች ያንኑ ጻፉ። እዚህ ድረስ ጥፋት የለም።

ከሰዓት በኋላ የጣቢያው ኃላፊ አቶ ታምሩ ጠራኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የፈራ ሰው ነበር። አውራጃው ሪፖርት እየጠየቀ መሆኑን፣ ሻጋታ አለው ብሎ ብቻ መላክ እንደማይቻል፣ ምክንያቱን ካልጻፍን እኛው ተጠያቂ እንደምንሆን አስረዳኝ። የዳባት ሰው እህሉን በጉድጓድ እንደሚያስቀምጥ፣ ጉድጓድ ደግሞ እርጥበት እንደሚያስገባ አስታወሰኝ። እውነት ነው አልኩ በልቤ። እኔም ያን ጊዜ የሃያ ምናምን ዓመት ሰው ነኝ፣ አለቃ ሆኜ ስፈርም የመጀመሪያዬ ነው፣ ምላሴ ተመስግኖ ተመስግኖ አናቴ ላይ ወጥቷል። «ሽታው የሻገተ እህል ነው፤ ከገበሬው ጉድጓድ የመጣ ይመስላል» ብዬ ጻፍኩ። በታይፕ ሲገለበጥ «ይመስላል» የሚለው ወድቆ «የመጣ ነው» ሆነ። አይቼዋለሁ። አይቼ ፈረምኩ።

በሳምንቱ የጣቢያው ሾፌር ከዳባት ሲመለስ ወሬውን አመጣ። የመንግሥትን ሙከራ ሆን ብሎ አበላሽቷል፣ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው ተብሎ አያ ይርዳው ታስሯል። በዚያ ዘመን አሻጥር የሚለው ቃል ከአንድ ሰው ስም ጋር ከተለጠፈ በኋላ ምን እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቅ ነበር። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ሌላ ወሬ መጣ። እናቱ ታማ ነበረችና ሞተች። ልጇ እስር ቤት እያለ ጎረቤት ቀበራት።

ጋሽ ወርቅነህ ሲመለስ ገና ሻንጣውን ሳያስቀምጥ ሁሉንም ነገርኩት። ቁጭ ብሎ ሰማኝ። አልጮኸብኝም።

«ጉድጓዱን አየሽው?» አለኝ።

«አላየሁም።»

«ታዲያ ምላስሽ ዳባት ድረስ ይረዝማል?»

ጠረጴዛው ሥር ገብቶ ሁለት ቆርቆሮ አወጣ፤ አንዱ የአያ ይርዳው ገብስ፣ አንዱ በታኅሣሥ ከገብሱ የተሠራው ብቅል። ገብሱን ቆረጠምኩት፤ ንጹሕ ነው። ብቅሉን ፈጭተን በሙቅ ውሃ ዘፈዘፍነው። ቢራ እስኪጠመቅ ሳምንታት አያስፈልግም፤ የብቅሉ ውሃ ጥፋቱን በአንድ ሰዓት ይናገራል። አጥልለን ቀመስነው። ማር የነካው የገብስ አጥሚት ይመስላል እንጂ ሻጋታ የሚባል ነገር የለውም። ከዚያ ጠመቃው የተሠራበትን የዚያኑ ብቅል ትራፊ ከመጋዘኑ አስመጥተን እንዲሁ ዘፈዘፍነው። አፍንጫዬን ገና ሳላስጠጋ ሽታው መጣ።

ሁለታችንም ተነሥተን መጋዘኑ ገባን። የመጋዘኑ ግማሽ በዚያው ሰሞን ለመሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ ተብሎ ተከፍሎ ነበር። ወንበርና የመሪዎቹ ሥዕል ገብቶ፣ የብቅሉ ጆንያዎች ተገፍተው ከኋለኛው ግድግዳ ጋር ተጣብቀዋል። እጄን ከጆንያዎቹ ጀርባ ሰደድኩ። ግድግዳው እርጥብ ነው። በውስጡ የሚያልፍ የውሃ ቧንቧ ቀስ እያለ ያነባ ነበር። ጆንያው ከፊት ሲያዩት ደረቅ ነው፤ ጀርባው አረንጓዴ ሆኗል።

አቶ ታምሩ ሲያየው ፊቱ ተለወጠ። ቧንቧው ይጠገናል፣ ሌላ ጠመቃ ይደረጋል፣ ያለፈው አልፏል አለን። ክበቡን እሱ ነው ያዘዘው፤ ስለ ክበቡ ክፉ መጻፍ ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ ለማንም አይጠፋም። ጋሽ ወርቅነህ እኔ እሄዳለሁ አለኝ። እሱ አንዴ የተገፋ ሰው ነው፣ ቢገፉት ከዚህ ወዲያ የትም አይደርስም፤ እኔ ግን ገና ነኝ፣ ቤተሰብም አለብኝ፣ ዝም ብዬ እንድቀመጥ ለመነኝ።

«ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ የእኔ ነው» አልኩት። «እኔ ያሰርኩትን ሰው አንተ አታስፈታልኝም።»

በማግሥቱ ጠዋት የታኅሣሡን ብቅል ቆርቆሮ፣ ከመጋዘኑ ጆንያ የወሰድኩትን ብቅልና ፔርሙስ ሙቅ ውሃ ይዤ አውራጃው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ተቀመጥኩ። አላስገቡኝም። በሁለተኛውም ቀን ሄድኩ። ውሃው ቀዝቅዞ ይመለሳል፣ እንደገና አፍልቼ እመጣለሁ። ጠባቂው ወዲያ ሂጂ ማለት ሰለቸውና ወንበር ሰጠኝ። በአራተኛው ቀን የካድሬዎቹ ኃላፊ ሲያልፍ አየኝና ይህች ሴት ምን ይዛ ነው የምትመጣው ብሎ ጠየቀ። ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ላይ አስገቡኝ። ኃላፊው፣ የፖሊሱ አዛዥ፣ ሌሎች ሁለት ሰዎች አሉ። አቶ ታምሩም ተጠርቶ መጥቷል። ጋሽ ወርቅነህ ሳይጠራ መጥቶ ከኋላዬ ቆመ።

ሁለቱንም ብቅል በሙቅ ውሃ ዘፍዝፌ ለእያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ስኒ አቀረብኩ። ሁለቱ አንድ ናቸው፣ አንዱ ልዩ ነው፤ ልዩውን አውጡልኝ አልኳቸው። እየተሳሳቁ ቀመሱ። የፖሊሱ አዛዥ ቀድሞ ስኒውን ገፋ። ይህኛው ገምቷል አለ። ሌሎቹም ያንኑ ገፉ። አቶ ታምሩ ስኒውን ሳያነሳ ቀረ።

ሦስቱም የአንድ ሰው ገብስ መሆናቸውን፣ በአንድ ቀን የተሠራ አንድ ብቅል መሆኑን፣ ንጹሑ በቆርቆሮ የተቀመጠው፣ የገማው በእኛ መጋዘን ግድግዳ የቆየው መሆኑን ነገርኳቸው። ኃላፊው የቀድሞውን ሪፖርት ከፋይሉ አወጣ።

«ጓዲት፣ ይህ ያንቺ ፊርማ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«ያን ጊዜ ዋሽተሻል ማለት ነው?»

«ምላሴ አልዋሸም። ሻጋታ ነበረው። ከየት እንደመጣ ግን አላውቅም ነበር፤ ሳላውቅ ጻፍኩ። የሚታሰር ሰው ካለ የጻፈው ሰው ነው። ገበሬው ንጹሕ እህል ነው የሰጠን።»

ኃላፊው ስኒውን እንደገና አንስቶ አሸተተና አስቀመጠው። እንድንወጣ አዘዙን።

አያ ይርዳው በሦስተኛው ቀን ተፈታ። አቶ ታምሩ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛወረ፤ ክበቡ ግን እዚያው ቀረ፣ ጆንያዎቹ ናቸው የወጡት። እኔን ማስጠንቀቂያ ጽፈው ወደ ሳንጃ ላኩኝ፣ ሰሊጥ የሚቀበል ጣቢያ ላይ።

ከመሄዴ በፊት ግን ዳባት መሄድ ነበረብኝ። ጋሽ ወርቅነህና አንድ ቄስ አብረውኝ ሄዱ። እንደ አገሩ ደንብ ድንጋይ በትከሻዬ ተሸክሜ ደጁ ላይ ቆምኩ። አያ ይርዳው ከቤት ወጣ፤ ከስቷል፣ ለሐዘኑ ራሱን ተላጭቷል። ቄሱ ሊናገሩ ሲሉ እጁን አነሣ።

«ድንጋዩን አውርጂው» አለኝ። «ድንጋይ እዚህ አገር ሞልቷል። ያስፈታሽኝ አንቺ መሆንሽን ነግረውኛል። ያሳሰርሽኝም አንቺ ነሽ። አሁን ይቅር ብያለሁ ብል ከአፌ ነው የሚሆነው። የእናቴን ሐዘን ልጨርስ፤ ከዚያ እግዜር ያውቃል።»

ቄሱ ሊያግባቡት ሞከሩ። እኔ እውነቱን ነው ብዬ ድንጋዩን አወረድኩ።

ሳንጃ ሙቀት ነው። የደጋ ሰው መሆኔ እዚያ ነው የገባኝ። ከጠዋት እስከ ማታ ሰሊጥ በመዳፌ እያሸሁ እቀምስ ነበር፤ የከረመው ቅባቱ ይኮመጥጣል፣ አዲሱ ጣፋጭ ነው። ሥራዬን ጠላሁት አልልም። እዚያ ካሉት ነጋዴዎች ጋር በየቀኑ እጣላ ነበር፤ ጆንያ ሳልከፍት፣ ከሥሩ ሳላወጣ፣ ጀርባውን ሳላይ አንድም ወረቀት አልፈርምም። ግትር አሉኝ። ይበሉኝ አልኩ።

ጋሽ ወርቅነህ ከአያ ይርዳው ቀሪ ገብስ አዲስ ብቅል ሠርቶ የመስከረሙን ቢራ መጋቢት ሳያልቅ ጠመቀው። በክረምቱ ደባርቅ የድንጋይ መጋዘን ውስጥ አስቀመጠው። በረዶ በጣለ ቁጥር ሠራተኞቹ በአካፋ እየሰበሰቡ በገለባ ሸፍነው በርሜሎቹን ይከቡለት እንደነበር ጻፈልኝ። መስከረም ሲጠባ ደግሞ ለሳንጃ ጣቢያ አለቃ ደብዳቤ ልኮ የአምስት ቀን ፈቃድ አስወጣልኝ።

ደባርቅ ስደርስ ጉም ነበር። ወንበሬ ፊቱን ወደ ግድግዳ ዞሮ ይጠብቀኛል፤ ለብ ያለ ውሃና ደረቅ ዳቦ አጠገቡ አለ። ቀዳልኝ። ቀይ ነው፣ የጠራ። በመዳፌ ከድኜ አሸተትኩት፤ የዳቦ ቅርፊት፣ ቆሎ፣ ትንሽ ሣር። ጎረስኩት ብል ነው የሚቀለኝ፤ ወፍራም ነበር፣ ግን ሲወርድ ንጹሕ። የተቆጣ ነገር፣ የቸኮለ ነገር የለበትም። ረጅም ጊዜ ሳልጽፍ ቆየሁ። ከኋላዬ ሆኖ እርሳስ ጠፋብሽ ወይ አለኝ። የቀመስኩትን አንድ በአንድ ጻፍኩና ሰጠሁት። አንብቦ አጠፈው፣ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከተተው፣ ከዚያ ለራሱ ቀዳ። ጠጥቶ ሲጨርስ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ብርዱ ነው አለኝ፤ አዎ ብርድ ነው አልኩት።

የዚያ ቢራ ናሙና አዲስ አበባ ሄዶ ተወደደ። የዳባትና የወገራ ገብስ እንዲገዛ ተፈቀደ። ጋሽ ወርቅነህ ጡረታ ሲወጣ ያስያዘው አንድ ነገር ቢኖር እኔ ከሳንጃ እንድመለስና ቅምሻ ቤቱን እንድይዝ ነው። ተመለስኩ። ቆርቆሮዎቹን ጠረጴዛው ሥር እንደተደረደሩ አገኘኋቸው፤ እኔም በየጊዜው እየጨመርኩ ቦታ ጠቦ ሁለተኛ ጠረጴዛ አስገባሁ።

አያ ይርዳው በየዓመቱ ገብሱን ያመጣል። ለግምጃ ቤቱ ሰው ያስረክባል፣ ለእኔ ከሩቅ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ይሰጣል፣ በቅሎውን ይዞ ይሄዳል። ይህ ብዙ ዓመት ሆነ። እኔም ቀርቤ አላስቸገርኩትም።

በደርግ መጨረሻ ዓመታት ጦርነቱ ወደ ደጋው ቀረበ። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሳምንት ይዘጋል። አዲሱ የጣቢያ ኃላፊ የመጣውን ገብስ ሁሉ ሳንመረምር እንድንቀበል አዘዘ፤ ነገ የሚመጣ መኖሩን ማን ያውቃል ይላል። ብዙ አልፈረድኩበትም። ያንን ሰሞን አንድ ረፋድ አያ ይርዳው ሁለት ጆንያ በበቅሎ ጭኖ መጣ። የግምጃ ቤቱ ሰው ሊመዝንለት ሲል እንቢ አለው። እሷ ሳትቀምሰው አላስረክብም አለ። ተጠርቼ ወጣሁ።

ደጁ ላይ ድንጋዩን ካወረድኩበት ቀን በኋላ ፊት ለፊት ስንቆም የመጀመሪያችን ነበር። ጆንያውን ፈታልኝ። እጄን እስከ ክርኔ ሰድጄ ከሥሩ አወጣሁ። አሸተትኩ፣ ቆረጠምኩ። ስስ የሻጋታ ሽታ አለው። ሌላውንም ጆንያ ፈታሁ፤ ያው ነው። ልቀበለው እንደምችል አውቃለሁ፤ ትእዛዙ ራሱ ተቀበሉ ነው የሚለው። ለዚህ ሰው ያለብኝንም አውቃለሁ።

«አያ ይርዳው» አልኩት፣ «ይህ እርጥበት ነክቶታል። አልቀበለውም።»

ከዚያ እሱም እጁን ሰድዶ አወጣ፣ አሸተተ፣ ጥቂት ፍሬ አፉ ጨምሮ አደቀቀ። ቀስ ብሎ ተፋው።

«እውነትሽን ነው። አሮጌው ጉድጓድ ነው፣ አፉ ተሸርሽሯል» አለኝ። ጆንያውን እያሰረ ሳለ ቀና ሳይል ቀጠለ። «ብትቀበይኝ ኖሮ በእናቴ የተነሣ ታባብለኛለች ብዬ ዳግም በዚህ ደጅ አላልፍም ነበር።»

በቅሎውን ጭኖ ያን ሁሉ ዳገት መልሶ ይዞት ሄደ። በአራተኛው ቀን፣ መንገዱ እንደገና ሊዘጋ ነው እየተባለ፣ ሌላ ሁለት ጆንያ ይዞ መጣ። ከአዲሱ ጉድጓድ ነው። ቆረጠምኩት፤ ደረቅ፣ ጣፋጭ፣ ንጹሕ ገብስ ነው። ወረቀቱን ጽፌ ሰጠሁት። አጣጥፎ ጋቢው ውስጥ ከተተና በቅሎዋን ሊፈታ ከዞረ በኋላ ተመለሰ።

«የእናቴን ተዝካር ለኅዳር አድርገነዋል» አለኝ። «በጊዜው አቅም አጥተን የቀረ ነው። ቤተሰቡ አንቺንም ጥራት ብለውኛል።»

በኅዳር መንገዱ በጦር ተዘግቶ ነበር። በእግሬ ሄድኩ።